በሩን መግፋት

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ማታ መጋዘኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ይመለስና በሩን በትከሻው ይገፋዋል። አንዴ አይደለም፤ ሁለት ሦስቴ። ልጅ ሆኜ አብሬው ስቆም ይህ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሌባ ነው ቢለውስ? እሱ ግን ግድ አልነበረውም። የገፋውን በር ብቻ ነበር «ተቆልፏል» ብሎ የሚያምነው።

ይህን ያስታወሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። መቼም በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ ቋሚ ቀጣሪ ሳይኖረኝ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝና ላፕቶፔ ሞፈር ቀንበሬ ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሞፈር ቀንበሬ ጥቁር ለብሳ፣ መሐሏ ላይ ዘንዶ ተጠምጥሞባት አገኘኋት። እናቴ ደጋግማ ታማትባለች። በስተጀርባዋ፣ ከግድግዳው ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የራሱን ዘንዶ በጦር እንደ ወጋ ነው።

«እትዬ፣ አትደንግጪ፤ ጽሑፎችሽን አልነካሁም» አለኝ። ከጎኗ የሰካትን ፍላሽ አሳየኝ። «ይኸውልሽ፣ ያለው እዚች ላይ ነው። ነቅዬ ዳግም ሳስነሣት ላፕቶፕሽ እንደ ነበረች ትሆናለች።»

እውነቱን ነበር። ካሊ ሊኑክስ ይሉታል። የኮምፒውተር በሮችን መግፊያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከስድስት መቶ የማያንሱ መፈተሻ ፕሮግራሞች በአንድ ከረጢት ታጭቀው ይመጣሉ፤ አንዱ የኔትወርክ መስኮቶችን ይቆጥራል፣ ሌላው የዋይፋይ ወሬ ያዳምጣል፣ ሌላው የይለፍ ቃል ይገምታል። የሚገርመው፣ ማንም ሰው በነፃ ይወስደዋል፤ ውስጡ እንዴት እንደ ተሠራም ገልጦ ማንበብ ይችላል። የዘር ሐረጉ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋክስና ኦዲተር የሚባሉ ሁለት ሥራዎች ተዋሕደው ባክትራክ ተወለደ፤ በመጋቢት 2013 ደግሞ ኦፌንሲቭ ሴኪዩሪቲ የተባለው ድርጅት ባክትራክን እንደ አዲስ በደቢያን መሠረት ላይ ገነባውና ካሊ አለው።

እንዲያው በመካከል አንድ ነገር ልንገራችሁ። የይለፍ ቃል ሰባሪው ይህ ዘንዶ የራሱ የይለፍ ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ካሊ»። የተጠቃሚው ስም «ካሊ»፣ የይለፍ ቃሉም «ካሊ»። ባለቤቱ እስኪቀይረው ድረስ መላው ዓለም ያውቀዋል። ከ2020 በፊትማ የዋናው አዛዥ ስም፣ «ሩት» የሚለው፣ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ መጻፉ ብቻ ነበር። ወንድሜ ሲነግረኝ እየሳቀ ነው፤ እኔ ግን ቁልፉን ምንጣፍ ሥር አስቀምጦ የሚሄድ ቁልፍ ሠሪ ታየኝ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ልቤ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ነው። በሀገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958፣ ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ጎረቤቱ «እስኪ አሳየን» ሲለው የሚያደርገውን አያጣውም። ሰፈሩም ቢሆን ሰንብቶ አይደለም የሰማው። በሳምንቱ አንድ የተከበሩ ጎረቤታችን በር ላይ ጠርተውት፣ የሚስታቸውን ቴሌግራም እንዲከፍትላቸው በሹክሹክታ ጠየቁት። ዋጋም ጠርተዋል።

«ምን አልካቸው?» አልኩት፤ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም።

«እሳቸው ይፈርሙልኝና እከፍታለሁ አልኳቸዋ።»

«ማን? እሳቸው?»

«ሚስትየው ናቸው እንጂ! ስልኩ የማን ሆነና?»

ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጡትም። እኔ ግን ያን ምሽት ልጁን በሌላ ዓይን አየሁት።

ለእኔም ያው ሕግ ሠራ። የቤታችንን ዋይፋይ ልፈትሽ ሲለኝ ከደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ አቀረበልኝ። «እኔ የዚህ ዋይፋይ ባለቤት፣ ወንድሜ ጥንካሬውን እንዲፈትሽ በዛሬው ዕለት ፈቅጃለሁ» ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። ቀን ጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩ። ፈርሚ አለኝ፤ ፈረምኩ። ሙያተኞቹም ያለ ባለቤቱ ፈርማ ጣታቸውን እንደማያነሡ ነገረኝ። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ትእዛዝ፣ በዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ፈታሽና ሌባ የምትለያቸው ይህቺው ወረቀት ናት።

እናቴ ቡና አቀራርባ ነበር። እሱ አንቴና ያላት ትንሽ መቀበያ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ስልኬን ለቅጽበት ከዋይፋዩ አባረራት። ስልኬም ሳትነግረኝ ተመልሳ ገባች። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስልኩና ዋይፋዩ ሲገናኙ የይለፍ ቃሉን አፍ አውጥተው አይጠሩትም፤ ቃሉን ማወቃቸውን ብቻ በስሌት ይረጋገጣሉ። ያቺን ሰላምታ አየር ላይ የቀለበ ሰው ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳያየው፣ «ይህ ቃል ይሆን? ይኸኛውስ?» እያለ መልሱ እስኪገጥም ሊገምት ይችላል።

ከምን ይጀምራል? ከሰው ልጅ ስንፍና። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከሚባል ኩባንያ ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ተሰርቀው ነበር፤ ከእነርሱ የተለቀመ 14 ሚሊዮን ያህል ቃል ካሊ ውስጥ እንደ መዝገበ ቃላት ተቀምጧል። ከ290 ሺህ በላይ ሰው ከአንድ እስከ ስድስት ቆጥሮ በቃኝ ብሏል። በእንግሊዝኛ «እወድሃለሁ» ያለውም ብዙ ነው። ወንድሜ ግን ይህን መዝገብ አልነካውም።

«እኛ ሀገር ሌላ ነው» አለ። «እኛ ስልክ ቁጥር ነን።»

እኔ ዝም አልኩ።

ስሌቱ ይኸው ነው። ከ09 በኋላ ስምንት አኃዝ አለ፤ ስለዚህ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች መቶ ሚሊዮን ናቸው። ለሰው ብዙ ነው። ላፕቶፔ ግን በሴኮንድ አራት ሺህ ያህል ትሞክራለች፤ ቢያካፍሉት ሁሉንም ለመጨረስ ሰባት ሰዓት አይፈጅባትም። አቦሉ ሲቀዳ ከ0900 ጀመረች። ቶና ሲደርስ 0905ን አልፋ ነበር። እኔ ሲኒዬን ይዤ ቁጥሩ ሲሮጥ አያለሁ፤ ወዴት እንደሚሮጥም አውቃለሁ። በረካው ተቀድቶ፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ 0911 ላይ ቆመች። ዘንዶው «ቁልፉ ተገኘ» ብሎ አሥር አኃዝ ጻፈ።

ወንድሜ በድል አልጮኸም። ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። አባታችን ሲሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርና ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅበት ምክንያት የለም።

«የአባዬ ነው አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ዋይፋይ ስናስገባ ሌላ ቁጥር ጣቴ ላይ አልመጣልኝም ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ ደውዬበታለሁ። አንዲት ሴት በጣም በትሕትና «ተሳስተዋል እኅቴ» አለችኝ፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስለዚህ ቁጥሩ የቀረኝ እዚህ ብቻ ነበር። ለእንግዳው፣ ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለጎረቤት ልጆች አንድ በአንድ እየጠራሁ ስሰጥ ኖሬአለሁ፤ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ደብቄዋለሁ ብዬ አምን ነበር።

«ካልፈለግሽ አንቀይረውም» አለኝ። ይህን ያለበት ድምፅ ከፈታሽ ድምፅ አልነበረም።

«አይ፣ ቀይረው። በሩ ከተገፋ ተከፍቷል።»

በማግስቱ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አራት ቃላት ሰካክቶ አዲስ የይለፍ ቃል አበጀ። ቃላቱን ለመያዝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወረቀቷን፣ ፈርማዬ ያለባትን፣ አጣጥፎ ደብተሩ ውስጥ አኖራት።

ማታ እናቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ከአክስታችን ጋር በዋትስአፕ ልታወራ ፈልጋ አልገባ ብሏታል።

«ቁጥሩን እኮ በትክክል ነው የጻፍኩት» አለች፤ መነጽሯን ሳታደርግ፣ ስክሪኑንም ሳታይ፣ ከዜሮ ዘጠኝ ጀምራ እስከ መጨረሻው ወረደችው። «የአባታችሁን ቁጥር እሳሳታለሁ እንዴ?»

«ተቀይሯል እማዬ» አልኳት።

«ማነው የቀየረው?»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። እሱ ደግሞ ፊቱን ወደ ዘንዶው መልሶ ነበር።