የራም ነገር

ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚያውቅ ሰው ስለ ፕሮሰሰር አስተያየት አለው፤ ስለ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ሃይማኖት አለው። «ራምስ ስንት ላድርግ?» ስትሉት ግን ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እንደ አጠቃቀምህ ነው» ይላችኋል። ይህም «እኔም አላውቅም፤ ብትሳሳት ግን እኔን እንዳትወቅስ» ማለት ነው።

ጥያቄው ቤቴ የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ ቁጣ የተማረ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሠርቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊገጣጥም ተነሣ። እኔ የተጠራሁት ለምክር ነው ተብሎ ነበር፤ ኋላ ሲታይ ለጎደለው መሙያ ኖሯል። የዕቃውን ዝርዝር ሲያሳየኝ ራም በሚለው መስመር ትይዩ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል።

«ለምን 64?» አልኩት።

«ካነሰስ፣ ጋሼ?»

አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ይህችን ቃል ግን ከአያቱ ሳትሸራረፍ ወርሷታል። ድግስ ያየ ሰው ያውቃታል። መቶ ሰው ተጠርቶ ለሁለት መቶ የሚጠመቀው ጠላና የሚጋገረው እንጀራ ከዚችው «ካነሰስ» የሚመጣ ነው። እኔም የዚህችን ፍርሃት ዘር ማንዘር ልቆጥር ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ስሄድ ጨረቃ ላይ ደረስኩ።

ጁላይ 20 ቀን 1969 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያ ኮምፒውተር እየጻፈና እየሰረዘ የሚሠራበት ሚሞሪ፣ ራሙ ማለት ነው፣ በዛሬ ስሌት 4 ኪሎባይት ነው። የማይለወጠውን ፕሮግራም ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋልታም በተባለ ከተማ በሬይቴዎን ፋብሪካ የተቀጠሩ ሴቶች በእጃቸው ሸምነውታል። ሽቦው በማግኔቷ ቀለበት ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በጎን ካለፈ ዜሮ ነው። 1202 ሲተረጎም «የተሰጠኝ ሥራ በዛ፤ ለአዲስ ሥራ የምሰጠው ቦታ የለኝም» ነው። በዚያ ሰዓት የማያስፈልግ አንድ ራዳር ኮምፒውተሩን በከንቱ ሥራ ጠምዶት ነበር። «ራም አነሰኝ» የሚለው ስሞታ እንግዲህ ሰው ጨረቃን ሳይረግጥ በፊት ከዚያው ሰማይ ላይ ተሰምቷል። ፕሮግራሙ ግን አስቀድሞ የታሰበበት ስለነበር እዚህ ግባ የማይባለውን ሥራ ጥሎ፣ ዋናውን ይዞ እንደገና ተነሣ፤ ሰዎቹም በሰላም አረፉ። የዛሬ ጌም እንዲህ ያለ ጭንቅ ቢገጥመው መሬት ላይም ተዘግቶ «ይቅርታ» ይላል።

ዛሬ እኛ ራም የምንለው ነገር በዚያን ጊዜ ገና ገበያ አልወጣም። የፈጠረው ሮበርት ደናርድ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ነው። ባልደረቦቹ አንዲት ቢት ለመያዝ ስድስት ትራንዚስተር ሲደረድሩ፣ እሱ በ1966 አንድ ትራንዚስተርና አንዲት ትንሽ ካፓሲተር እንደሚበቁ አሰበ፤ በ1968 የፈጠራ መብቱን አገኘ። አንድ ጣጣ ግን ነበረው። ካፓሲተሯ ታፈሳለች። የያዘችውን ኤሌክትሪክ ብዙም ሳትቆይ ስለምትለቀው፣ በየሴኮንዱ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተነበበች እንደገና መሞላት አለባት። ጌማችሁን ዘግታችሁ ቡና ልትጠጡ ስትሄዱ እንኳ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ካፓሲተሮች ያለ ዕረፍት እየፈሰሱ ይሞላሉ። ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ሁሉም ባዶ ነው። መብራት ሄዶባት ሴቭ ያላደረገችው ደብዳቤ የጠፋባት የአዲስ አበባ የቢሮ ጸሐፊ የደናርድን ስም ባትሰማም ሥራውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ደናርድ በ2024 አረፈ፤ ዓለም ግን እስከ ዛሬ በዚያችው በምታፈስ ካፓሲተር ይሠራል።

ኢንቴል ይህን ዓይነቱን ሚሞሪ በ1970 በ1103 ቺፑ ለገበያ ሲያወጣ ቺፑ የሚይዘው 1,024 ቢት ነበር። 32 ጊጋባይት ለመሙላት ከ268 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ቺፕ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እየተባለ በእጥፍ የሚዘለለውም በነጋዴ ተንኮል ብቻ አይደለም። የሚሞሪው አድራሻ የሚነገርበት መስመር በአንድ በጨመረ ቁጥር የሚደረስበት ቦታ እጥፍ ይሆናል። በቅርቡ ባለ 24 እና ባለ 48 ጊጋ ቢወጡም ልማዱ ያው ነው። እንግዲህ 16 አነሰኝ ያለ ሰው መደርደሪያው ላይ በብዛት የሚያገኘው ቀጣይ እርምጃ እጥፉ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር መድረስ የሚችለው 1 ሜጋባይት ድረስ ነው፤ ከዚያም ለፕሮግራም የተተወው 640 ኪሎባይት ነበር። ቢል ጌትስ «640 ለማንም ይበቃል» ብሏል እየተባለ ይወራበታል። እሱ አላልኩም ይላል፤ ማለቱንም ያስረዳ የለም። ወሬው ያልሞተው ግን፣ በራም ነገር «በቃ» ብሎ የደፈረ አንድ ሰው ተፈልጎ መቀጣት ስላለበት ይመስለኛል።

ጌሞችን ተከትለን ብንሄድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስቃል። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚሠራበት ማሽን ራም 2 ኪሎባይት ነበር፤ ጌሙ ራሱ ተጠቅልሎ 40 ኪሎባይት ነው። አክስቴ ዘወትር እሑድ ጠዋት በዋትሳፕ የምትልክልኝ የአበባ ሥዕል ከዚያ ይከብዳል። በ1993 ዲሴምበር ላይ ዱም መጣና 4 ሜጋባይት ጠየቀ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ጃፓን ኒሃማ ከተማ ውስጥ ያለ የሱሚቶሞ ኬሚካል ፋብሪካ ተቃጥሎ ነበር። ፋብሪካው ቺፕ የሚታሸግበትን ሙጫ ከግማሽ በላዩን ለዓለም ገበያ ያቀርብ ስለነበር የሚሞሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተሰቀለ። ቤቱ 2 ሜጋ ያለው ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ ስለ ጃፓን ሙጫ ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

ከዚያ የ4 ጊጋ አጥር መጣ። ባለ 32 ቢት ሲስተም 4,294,967,296 ባይት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አድራሻ መቁጠር አይችልም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ 4 ጊጋ ሰክታችሁ 3 ነጥብ ምናምን ብቻ ያያችሁ ሰዎች ሻጩን የሰደባችሁት በከንቱ ነው። ባለ 64 ቢቱ አጥሩን አፈረሰው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያቆመን ኪሳችን ብቻ ነው።

አጥሩ ከፈረሰ በኋላ ልኩን የሚወስነው ማን እንደሆነ እኔ ለማመን የተቸገርኩት ነገር ነው፤ ፕሌይስቴሽን ነው። ትልልቅ ጌም ሠሪዎች ሂሳባቸውን የሚጀምሩት በብዙ ሳሎን ከተቀመጠው ማሽን ነው። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ሚሞሪው 8 ጊጋ ነበር፤ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 16 ጊጋ፣ ያውም ከግራፊክሱ ጋር በጋራ። የኮምፒውተር ጌሞችም ጥያቄ ከዚያው ጀርባ ጀርባ ሄደ። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈለ ያደገ ልጅ ስለ ራም አንድም ቀን ሳይጨነቅ ኖሯል፤ ለእሱ የሚጨነቅለት ቶክዮ ነበረ። ከዚህ መስመር የሚወጡ አሉ። የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ቢያንስ 16 ይላል፣ 32 ይመክራል፣ ለሚቀናጣ ደግሞ 64 ይጽፋል። ጎረምሳው የያዘው ይህንን መስመር ነበር።

«አንተ አውሮፕላን ትነዳለህ?»

«አይ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ 64 የማን ነው?»

በቤቱ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ አስከፍቼ ታስክ ማናጀሩን አየን። ጌም ሳይከፈት ዊንዶውሱ፣ ክሮሙ ከሃያ ታቡ ጋር፣ ዲስኮርዱና ሙዚቃው ከ16ቱ ጊጋ ግማሹን ወስደዋል። ልብ በሉ፣ ዊንዶውስ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይዘረጋል፤ 32 ብትሰጡት ምንም ሳትከፍቱ የያዘው ቁጥር ከፍ ይላል። «ይኸው ሞላ» ብሎ መደንገጥ ስለዚህ አያስፈልግም። ራም በእውነት ሲያንስ የሚሆነው ሌላ ነው። ሲስተሙ ዕቃውን ወደ ኤስኤስዲው ያሸሻል፤ በሚያስፈልገው ሰዓት ከዚያ እስኪያመጣ ጌሙ ለቅጽበት ደርቆ ይቆማል። ያ ቅጽበት ሁልጊዜ በር ስትከፍቱና ጠላት ከበሩ ጀርባ ሲኖር ነው። ከሚበቃው በላይ ስትጨምሩ ግን ምንም አይመጣም፤ 64 ጊጋ ለአብዛኛው ጌም አንዲት ፍሬም አይጨምርም። የተረፈው ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቢውል ግን ዓይን ያየዋል።

ይህን ሁሉ ተነጋግረን ስናበቃ ዋጋው መጣ። በ2025 አጋማሽ 100 ዶላር ገደማ የነበረው ባለ 32 ጊጋ ዲዲአር5 (የአሁኑ የራም ትውልድ)፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከ300 ዶላር በላይ ተሸጠ። መደብሩ ውስጥ እንደ ወርቅ በመስታወት ተቆልፎበታል። ሰበቡን ለማየት እሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ሰው ደለስ ኤርፖርት ላደርስ ስነዳ አሽበርን አካባቢ መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንፃዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ዳታ ሴንተሮች ናቸው። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገዛው ሚሞሪ ፋብሪካዎቹን ስለጠመዳቸው ለተራው ሰው የሚተርፈው ቀንሷል። በሌላ በኩል ማናሳስ ከተማ፣ ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ የማይክሮን ራም ፋብሪካ አለ። ማይክሮን በ1978 አይዳሆ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ምድር ቤት የተጀመረ ኩባንያ ነው፤ ለማክዶናልድ ድንች እያቀረበ የከበረ ሲምፕሎት የሚባል ሰው በድንች ገንዘቡ አሳድጎታል። ይኸው ኩባንያ በ2025 ዲሴምበር ላይ ክሩሻል በሚለው ስም ለግለሰብ ገዥ የሚሸጠውን ሊያቆም እንደሆነ አስታወቀ። እንግዲህ እኛ ከሚሠራውና ከሚበላው መሀል ተቀምጠን፣ ዕቃውን በሦስት እጥፍ የምንገዛ ሰዎች ነን።

የገዛነው 32 ነው፤ ሁለት ባለ 16። አንድ ባለ 32 ብቻ ብትሰኩ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ መንገዱ በአንዱ ብቻ ይሄዳል። «አሁን ሁለት፣ በኋላ ሌላ ሁለት» ማለትም በዲዲአር5 አይመከርም፤ አራት ሲሆኑ ማዘርቦርዱ ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርጋል። ጎረምሳው ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ፣ ጥርሳቸውን አስተካክሎ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናቸው። ማዘርቦርዱ ጎበጥ ብሎ ቀጭ አለ። ማብሪያውን ተጫነ፤ ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለመ።

«ጋሼ፣ ተቃጠለ!»

አልተቃጠለም። ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲነሳ ከማዘርቦርዱ ጋር ይተዋወቃል፤ ደቂቃዎች ይወስድበታል። እናቱ ከወጥ ቤት «ቤቴን ልታነዱት ነው እንዴ?» እያለች ብቅ ስትል ስክሪኑ ብልጭ አለ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለጌም ልትገጣጥም ካሰብክ 32 ግዛ፤ ኪስህ ካልፈቀደ 16 አያሳፍርም፤ 64ን አውሮፕላን ለሚነዱት ተው። እንደገጠምክ ግን ባዮስ ገብተህ ፕሮሰሰርህ ኢንቴል ከሆነ ኤክስኤምፒን፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤክስፖን ክፈት። ካልከፈትከው 6000 ተብሎ የከፈልክበት ራም አብዛኛውን ጊዜ 4800 ላይ ነው የሚሠራው።