ታድግበታለች

የልጅ ልጄ አገጭ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ሦስት ስፌት ነበር። ሰው ሲጠይቃት «ከሳይክል ወድቄ ነው» ትላለች እንጂ ሳይክሉን ማን እንደገዛላት አትናገርም። እኔው ልናገር።

ነገሩ የተጀመረው ሚጡ አፀደ ሕፃናት በጨረሰችበት ክረምት ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። «አባባ፣ ማርሽ ያለው ሳይክል ግዛልኝ» አለችኝ። ማርሽ የሚለውን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ቤታችን ባምቢስ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ኮሪደር ሲሠራ ከእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መስመርም ተዘረጋ። እሁድ ጠዋት ወጣቶች ዳገቱ ጋ ሲደርሱ መሪው ላይ በጣታቸው ነካ አድርገው ሳይወርዱ ሲወጡ ታያለች። በዚያው ዓመት ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፤ አብረዋት የሚጫወቱት ልጆችም እንደዚያው። ሳይክል ያማራት ምናልባት ለዚያም ይሆናል።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ በልጅነታችን ማርሽ የምንለው የመኪናውን ነበር። የአዋቂ ሳይክል በሰዓት ተከራይተን፣ ከላይ ስንቀመጥ እግራችን ስለማይደርስ አንዱን እግር በብረቱ መሃል አሹልከን እየነዳን ነው የለመድነው። እናም ትልቅ ሳይክል ለትንሽ ልጅ መግዛት ጥፋት መስሎ አልታየኝም።

መርካቶ ሄድኩ። ሻጩ ዕድሜዋን ጠይቆኝ ባለ 20 ኢንች ጎማ አወጣ። አጠገቡ ግን ባለ 24 ቆሟል፤ ቀይ፣ ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ያለው፣ ባለ 21 ማርሽ። የዋጋቸው ልዩነት ትንሽ ነው።

«ይኼኛው ይበዛባታል አባቴ» አለኝ ልጁ።

«ታድግበታለች» አልኩት።

ጫማዋን ሁለት ቁጥር አስበልጬ የምገዛ ሰው ነኝ። የዩኒፎርሟን እጅጌ አጥፎ መስፋት የቤታችን ሕግ ነው። የሁለት ወር ጡረታዬን ቆጥሬ ሰጠሁትና ቀዩን ይዤ ገባሁ። እናቷ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ ይኼ የማን ነው?» አለችኝ።

መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩላት። ያም ሆኖ መሬት የሚነካው የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ከኋላ ይዣት ግቢውን ዞርን፤ በአራተኛው ቀን ለቀቅኳት። ግቢያችን ወደ በሩ ሲሄድ ያዘቀዝቃል። «ፍሬን ያዢ!» ብዬ ጮህኩ። ጣቶቿን ዘረጋች፤ አልደረሱም። ለመቆም እግሯን ዘረጋች፤ እሱም አልደረሰም። የብረት በሩ ላይ ሄዳ ወደቀች።

ክሊኒክ ይዘናት ስንሄድ እናቷ አንድም ቃል አልተናገረችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳይክሉን የቤቱ ሚዛን ላይ አወጣሁት። 15 ኪሎ። ሚጡ 19 ኪሎ ናት። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ ሒሳቡን ስሠራው እኔን 55 ኪሎ በሚመዝን ሳይክል ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ለካስ ስፕሪንጉ ለልጅ ክብደት ብቻ ነው።

ሁለት ወር ያህል በበረንዳው ስታልፍ ከሳይክሉ እየራቀች ግድግዳውን ተጠግታ ነበር። አንድ ማታ ስለ ገረመው ደንቦባ ነገርኳት፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ሌላ ብስክሌተኞችም እንደነበሩን፣ እሱም አንዱ እንደነበር። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ጨመርኩላት።

«እነሱም ወድቀው ያውቃሉ?» አለች።

«ሳይወድቅ የነዳ የለም።»

ትንሽ አሰበችና «ሳይክላቸው ግን ልካቸው ነበር?» አለችኝ።

ጥቅምት ላይ ልጁ ካደገበት ወዳጄ ያገለገለ ባለ 20 ኢንች ገዛሁ። ከኋላ ብቻ ስድስት ማርሽ ያለው ነው፤ ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ። ለትንሽ ልጅ ከዚህ በላይ ማርሽ ግራ ማጋባት ነው። በዚህኛው ጊዜ ይዣት ሄድኩ። ስትቀመጥበት ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ነኩ። ማርሹን ራሷ በአውራ ጣቷ እንድትገፋው አደረግኩ፤ ቻለች። አንዳንዱ በጣም ስለሚጠጥር የልጅ ጣት አይገፋውም፤ ሳይገዙ መሞከር ነው።

ከዚያ ሥራው መጣ። መጀመሪያ ሁለቱንም ፔዳል ፈታሁ፤ በእግሯ መሬቱን እየገፋች ሚዛን እንድትለምድ። የግራው ፔዳል ከሌላው ቡሎን በተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ እየዞረ እንደሚፈታ አላውቅም ነበር፤ ግማሽ ቀን አጥብቄዋለሁ። ፍሬኑ መያዣ ላይ ደግሞ ትንሽ ቡሎን አለች፤ እሷ ስትጠብቅ መያዣው ወደ መሪው ይጠጋል። ያችን አንድ ቡሎን ባውቃት ኖሮ ቀዩም ላይ ቢያንስ ጣቷ በደረሰ።

ማርሹን ያስተካከልነው ከሰፈራችን ጎሚስታ ጋር ነው። የኋላ ጎማውን አንጠልጥሎ እኔን ፔዳሉን አስዞረኝና ከ1 እስከ 6 ቀያየረው። 1 ላይ ሲደርስ ካቴናው ትልቁን ጥርስ አልፎ ወደ ጎማው ሽቦዎች ሊገባ ቃጣው። ካቴናውን የሚያሻግረው ክንድ ላይ ሁለት ትንንሽ ቡሎኖች አሉ፤ አንዷ ወደ ውስጥ፣ አንዷ ወደ ውጭ እንዳያልፍ ይገድባሉ። በካቻቢቴ ጥቂት አዞራትና አቆመው። ሳይታይ ቢቀር ጎማው የሚነክሰው ልክ ልጅቱ ለዳገት ማርሽ ስታቀል ነበር። ሄልሜቷን ከቅንድቧ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ያሰረላትም እሱ ነው፤ እኔ ወደ ኋላ ገፍቼ እንደ ነጠላ ነበር ያለበስኳት።

ሁለት ሳምንት ያለ ፔዳል ነዳች። ፔዳሉ ሲመለስ ማንም ሳይይዛት ሄደች። ማርሹን 2 ላይ ትቼ ለአንድ ወር እንዳትነካው ነገርኳት፤ ከዚያ እየነካን ተማርን። እግር ሲዞር እንጂ ቆሞ አይቀየርም፤ ዳገቱ ከጀመረ በኋላም ረፍዷል። 6ን «ባጃጅ» ብላ ሰየመችው፤ በጣም ቀርፋፋውን፣ 1ን፣ «አባባ» አለችው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ትንፋሹን የሚያውቀው የከፈለው ነው። አንድ እሁድ ማለዳ በብስክሌት መስመሩ ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ ወጣን፤ እሷ እየነዳች፣ እኔ ከመኪናው በኩል በእግሬ። መኪና ከሕንፃ በሚወጣበት ሁሉ እናቆማለን። ዳገቷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ጣቷ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ካቴናው ቀጭ አለና ወጣች።

«አባባን አስገብቻለሁ!» ብላ ከላይ ጮኸችብኝ። እኔ መሃል መንገድ ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ነበር።

ቀዩ ሳይክል አሁንም በረንዳው ላይ ነው። እናቷ ሽጠው ብላኝ ነበር፤ ሚጡ እምቢ አለች። ወር በገባ ቁጥር አጠገቡ ሄዳ ትቆማለች፤ መቀመጫው አሁን ወገቧን አልፎ ደረቷ ሥር ነው።

«ገና ነኝ አይደል?» ትለኛለች።

«ገና ነሽ» እላታለሁ።