ሐቱሻና የተሰበሩት ጽላቶቿ

ከቱርክ ዋና ከተማ ከአንካራ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ ቦጋዝካሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በአጠገቧም ካለው ኮረብታ ላይ፣ የጥንቱ የኬጢያውያን መንግሥት መናገሻ የነበረችው የሐቱሻ ፍርስራሽ ይታያል። ኬጢያዊ የሚለውን ስም ከኤፍሮንና ከኦርዮ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአንበሶቹን በርና ኮረብታውን የከበበውን ቅጥር በተመለከትን ጊዜ የሠሪዎቹን ብርታት አደነቅን፤ ነገር ግን ከድንጋዩ ይልቅ የሚበልጠው የከተማይቱ ሀብት በሸክላ ላይ የተጻፈው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ሁጎ ዊንክለርና ቴዎዶር ማክሪዲ መቆፈር ከጀመሩ ወዲህ፣ 30,000 ያህል የሸክላ ጽላቶችና ስባሪዎች ከዚህ ስፍራ ወጥተዋል። ፊደላቸው ሽብልቅ ይመስላል፤ የነገሥታት ውል፣ ሕግ፣ ጸሎትና የመሥዋዕት ሥርዓት ተጽፎባቸዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተሰባበሩ ስለ ሆኑ፣ የመስመሩ መጀመሪያ ቢገኝ መጨረሻው ይጠፋል።

ልሳኑን የፈታው ቤድሪክ ህሮዝኒ የተባለው የቼክ ሊቅ ነው፤ ሥራውንም በ1915 ዓ.ም. አስታወቀ። ከባቢሎን ጽሕፈት አስቀድሞ የታወቀውን የኅብስት ምልክት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አገኘና፣ ኅብስት ካለ መብላት ሊኖር ይገባል ብሎ ጎረቤቱን ቃል መረመረ። «ዋታር» የሚለውንም ቃል ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጋር አስተያይቶ ውሃ መሆኑን ዐወቀ።

መመሳሰል ግን ብቻውን የታመነ መሪ አይደለም። በጽላቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ቃል አለ፤ እኩሌታው የተሰበረም አለ። የጥንቱ ጸሐፊ ራሱ ከአንዳንድ እንግዳ ቃላት በፊት ትንሽ ዘመም ያለ ምልክት ያኖር ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የኬጢያውያን ልሳን የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከሉዊያውያን ልሳን የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የጎደለውን በሞሉ ጊዜ በቅንፍ ያጥሩታል፤ በተጠራጠሩትም ትርጕም ላይ የጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ። አንዳንድ ጊዜም የስባሪው ተከታይ ከሌላ ሣጥን ተገኝቶ ሲገጠም፣ የቀድሞውን ግምት ያጸናል ወይም ያፈርሳል። በቅንፍ ያልታጠረ ግምት ግን ለሚቀጥለው አንባቢ እንደ እውነት ይተላለፋል። የተሰበረ ውል በግምት ሞልቶ ዝም ያለ ሰው፣ የሞተውን ንጉሥ ያልማለውን መሐላ ያስምለዋል። ብዕር የያዝን ሁሉ፣ ጽሕፈት የሚማሩ ልጆቻችንም፣ የተነበበውን ከተገመተው ለይተን ማኖር ይገባናል።