ገመዱ በበረዶ ተበጠሰ፣ ጡረታው በሕግ ቀረ

ስለ አሜሪካዋ ግዛት ስለ አላስካ ሳነብ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጡብኛል፤ ከባሕር ወለል በታች የተቀበረው የኢንተርኔት ገመድ እና የመምህራኑ ጡረታ። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይወራላቸዋል። እንደ ኡትኪያግቪክ ባለ የሰሜን ጫፍ ከተማ ለሚማር ልጅ ግን ሁለቱም የሚገናኙት ክፍሉ ውስጥ ነው።

ከኖም እስከ ፕሩዶ ቤይ የሚደርሰውን ገመድ ኩዊንቲሊየን የተባለ ኩባንያ ዘርግቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀመረው። ርዝመቱ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሳተላይት ብቻ ይገለገሉ የነበሩ ከተሞች ፈጣን መስመር አገኙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አላሳንሰውም። በሰኔ 2023 ግን የባሕሩን ወለል እየፋቀ የሚሄድ በረዶ በጠሰው፤ ተጠግኖ ያለቀው በመስከረም ነው። በጥር 2025 እንደገና ሲበጠስ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ነበርና መርከብ ሊደርስለት አልቻለም። በዋልታ አካባቢ ገመድ መዘርጋት ማለት በረዶው እስኪቀልጥ ለወራት መጠበቅን አብሮ መቀበል ነው።

ወደ ጡረታው ልመለስ። ግዛቲቱ ለሠራተኞቿና ለመምህራኗ የገባችው ቃል ካስቀመጠችው ገንዘብ እጅግ በልጦ ተገኘ። የጡረታውን ስሌት ይሠራ የነበረው መርሰር የተባለ አማካሪ ድርጅት በስሌቱ ተሳስቷል ተብሎ ተከስሶ በ2010 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2014 ደግሞ ግዛቲቱ ከመጠባበቂያዋ 3 ቢሊዮን ዶላር አውጥታ ወደ ጡረታ ፈንዶቹ አስገባች። ከዚያ በፊት ግን የከፋው ውሳኔ ተወስኖ ነበር፤ ከሐምሌ 2006 ጀምሮ የሚቀጠር ሰው ዕድሜ ልክ የሚከፈል ጡረታ እንዳይኖረው ተደረገ። የተሰጠው ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል የግል ቁጠባ ሂሳብ ነው። የአላስካ መምህራን ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የጡረታ ዋስትና በሆነው በሶሻል ሴኩሪቲም አይታቀፉም።

ይህ ውሳኔ ቀድሞ የተጠራቀመውን ዕዳ አልሰረዘም። ያመጣው ነገር አዲሱ መምህር አምስት ዓመት ሠርቶ የአሠሪውንም መዋጮ ጠቅልሎ መሄድ መቻሉን ነው። በዚያ ብርድና ውድ ኑሮ ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርገው ምን አለ? ለተበጠሰ ገመድ መርከብ ይላካል። ልጆቹን በስም የሚያውቅ መምህር ሲሄድ ግን መስመሩ ምንም ያህል ቢፈጥን አይተካውም። እዚህ ላይ አላስካ ተሳስታለች ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥልኛል ወይ? ጡረታዬስ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነው ወይስ የቁጠባ ሂሳብ?