የልምምድ መምህር በልደታ

ጎጃም ገጠር ለተማርኩት ለእኔ የልደታው ሁለተኛ ክፍል ባዕድ አገር ነው። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፤ «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ እጄን ለመያዝ ይሻማሉ።

ከሁሉ ልቤን የነካው ቁርሳቸው ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። እኛ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ረኃቡ ሰሌዳውን ያደበዝዝብን ነበር፤ እነዚህ ግን እስከ መጨረሻው እጃቸውን ያወጣሉ። ምገባውን እንደ ትርፍ ወጪ የሚቆጥር ሰው አንድ ቀን እዚህ ቢውል ደስ ይለኛል።

ኮሌጅ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ተምረናል። ለእኔ ግን የልጆቹን ስም ማጥናት ይቀድማል። መጨረሻ ዴስክ ላይ በቅርቡ ከክፍለ ሀገር የመጣች ዝምተኛ ልጅ አለች። እኔ ስናገር ብቻ ቀና ትላለች፤ አነጋገሬ የአገሯን ሳያስታውሳት አልቀረም። ነገ ንባቡን ከእሷ ረድፍ እጀምራለሁ።