ፍራንጂፓኒውን ተዉት፣ ይተኛበት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስትቀባበሉት የዋላችሁትን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ቅጠሉን አራግፎ ወፋፍራም ቅርንጫፉ ብቻ የቀረውን ፍራንጂፓኒ። ግማሻችሁ «ሞቷል፣ ንቀሉት» ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ «ጠምቶት ነው፣ ጠዋት ማታ አጠጡት»። እባካችሁ ሁለቱንም አታድርጉ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ፍራንጂፓኒ በታኅሣሥ ቅጠሉን ቢያራግፍ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የዚህ ዛፍ አገሩ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ናቸው፤ ዝናቡ ወራት ጠብቆ የሚመጣበት፣ በጋው ረጅምና ደረቅ የሆነበት ምድር። ዛፉም ይህን ለምዶ በጋውን ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል፤ የሚኖረውም ግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውሃ ነው። ቅርንጫፉን ብትቆርጡት እንጨቱ ለስላሳና ውሃ የጠገበ ነው፤ ወዲያው ነጭ ወተት ያንጠባጥባል (ዓይናችሁንና ቆዳችሁን ጠብቁ፣ ያቃጥላል)። በርሜሉን ተሸክሞ የቆመ ዛፍ በየቀኑ አጠጡኝ አይልም። ቅጠል ከሌለው ደግሞ ውሃ የሚስብበት ምክንያት የለውም፤ የምታፈሱለት ሁሉ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

«የሞቃት አገር ተክል አይደል እንዴ፣ ዝናብ ይወዳል፤ ባሕር ዳር ክረምቱን ሙሉ እየዘነበበት ያብባል» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ባሕር ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀት አለው። በትውልድ አገሩም ዝናብና ሙቀት አብረው ነው የሚመጡት። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ከብርድ ጋር ትቀበላለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ትጠፋለች፣ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ አፈሩ ውሃ ይዞ የማይለቅ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ዛፉ ከታች ይበሰብሳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት በዕቃ የተተከለ ፍራንጂፓኒውን ከጣሪያ ጠርዝ ሥር የሚያስጠጋበት ጊዜ ነው፤ አፈሩም አሸዋና ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ በደንብ የገባበት ይሁን። ድሬዳዋ ያላችሁ ፀሐዩም ሙቀቱም ስላላችሁ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

እግረ መንገዴን የሚያንገበግበኝን ልናገር። አበባ የሚተከልበትን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት፤ ስንቱ ነው ታቹ ድፍን የሆነ! ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለሳሎን የሚያምር፣ ግን ውሃ የሚወጣበት አንዲት ቀዳዳ የሌለው። ሕይወት ያለው ነገር ሊተከልበት እየተሸጠ እንዴት ቀዳዳ ይረሳል? ከዚህ የሚብሰኝ ደግሞ የየግቢው ነገር ነው። አትክልተኛው ወይም ዘበኛው በጠዋት ቱቦ ይዞ ካልታየ ሥራ የፈታ ይመስለናል። አሠሪ የሚያየው የራሰ መሬት ነው። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰዶ፣ እርጥበቱን አይቶ፣ «ዛሬ አያስፈልገውም» ብሎ የተወ ሰው ዕውቀቱ አይታይለትም፤ ጭራሽ ሰነፍ ይባልበታል። እሱም እንጀራው ነውና ያጠጣል፤ ዛፉም ይሞታል፣ ጥፋቱም በዛፉ ይሳበባል፦ «አገራችን አይስማማውም» ይባላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስንት መልካም ዛፍ በዚህ ሄደ።

«ታዲያ በእውነት ቢጠማውስ?» ለሚለው፣ የቅርንጫፉን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቆዳው ተሸብሽቦ ጠንካራ ከሆነ ጥቂት ውሃ ስጡት፣ ይመለሳል። እንደ በሰለ ሙዝ ከለሰለሰና ከጠቆረ ግን መበስበስ ገብቶታል፤ በንጹሕ ቢላ ነጩና ጤነኛው እንጨት እስኪመጣ ድረስ ቁረጡት። ዛፉ ከታች በስብሶ ከሆነና ከላይ ጤነኛ የተረፈውን ቅርንጫፍ እንደገና መትከል ከፈለጋችሁ ወዲያው አትትከሉት። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ላይ አጋድሙት፤ በወተቱ እንደተነከረ ከተተከለ ይበሰብሳል። እስቲ አስቡት፦ ሥር የሌለው ቁራጭ ሁለት ሳምንት ያለ ውሃ መሬት ላይ ተጋድሞ ከኖረ፣ ሥር ያለው ዛፍ አንድ ወር ባታጠጡት ምን ይሆናል?

«የኔው አበባ ስለማይሰጥ ነው የማጠጣው» የምትሉትም ተሳስታችኋል። አበባ የሚያመጣለት ፀሐይ ነው፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ለማሳመር ብላችሁ ጫፍ ጫፉን ስትከረክሙ የምትቆርጡት አበባውን ነው። ፍግ ከበዛበት ደግሞ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ማታ ማታ ግቢውን የሚሞላው ያ ሽታ የእሳት እራቶችን መጥሪያ ነው፤ የሚገርመው አበባው ውስጥ የሚቀመስ ማር የለም፣ እራቱ ግን ሽታውን አምኖ ከአበባ አበባ እየዞረ ዱቄቱን ያደርሳል።

ሙቀቱ ተመልሶ ጫፉ ላይ አረንጓዴ እስኪያሾል ድረስ ተዉት። ያን ጊዜ ከታች እስኪያፈስ ድረስ በደንብ አጠጡት፤ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ጠብቁና ድገሙለት።