የቤተሰብ ስም

ብሮውዘር አንድ ጊዜ በቅጽ ላይ የሞላነውን ስም፣ ስልክና አድራሻ ያስቀምጥና በሌላ ቀን የመጀመሪያዋን ፊደል ስንነካ ቀሪውን ራሱ ይጨርስልናል። አንዳንዱ በቅንብሩ ውስጥ እንደ ሙሉ አድራሻ ተጠቃሎ፣ አንዳንዱ እንደ ነጠላ ቃል ለየብቻው ይቀመጣል። ከፍቶ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔን እንድከፍተው ያደረገኝ ጥርጣሬ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የፊንላንድ ባለሙያ ስምና ኢሜይል ብቻ የሚጠይቅ የሚመስል ገጽ ሠርቶ፣ አንዳንድ ብሮውዘሮች ከዓይን በተሰወሩ ሣጥኖች ውስጥ ስልክና የቤት አድራሻ ጭምር እንደሚሞሉ አሳይቶ ነበር።

በመዝገቡ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰዎች አስገረሙኝ። እኔ ጸጋዬ ነኝ፤ «ጸ»ን በላቲን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋልና ሁለት ጸጋዬዎች አሉ። የአባቴ ዕጣ ይብሳል። ወልደ ሥላሴ ተለያይቶም ተጋጥሞም የሚጻፍ ስም ነው። ብሮውዘሩ ክፍተት ባየበት ቆርጦ «ወልደ»ን የመካከል ስም፣ «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም አደረገው። የማን ልጅ እንደሆነ ያልተነገረለት ልጅ መካከል ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኔም ሳላስበው የሥላሴ ቤተሰብ ሆንሁ። (እናቴ ብትሰማ አሜን ትል ነበር።)

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ቅጾች ስምን የተሰጠ፣ ተጨማሪና የቤተሰብ ብለው ይከፍላሉ። የኤችቲኤምኤል ደንብ ራሱ የሰው ስም አወጣጥ ብዙ ዓይነት መሆኑን ጠቅሶ ሙሉ ስምን በአንድ ሣጥን መጠየቅ እንደሚሻል ይናገራል፤ ሰሚው ግን ጥቂት ነው። በእኛ ቤት የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ያለው አባት ነው። ባለቤቴ የአባቷን ስም ይዛለች፣ ልጆቼ የእኔን፣ እኔ የአባቴን። በብሮውዘሩ ቆጠራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቤተሰብ እንኖራለን።

ለአየር ትኬት የሚፈለገው በፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው፤ አንድ ፊደል ቢለይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ የቀሩትን ማጥፋት ጀመርሁ። በታች ቀስት ጥቆማው ላይ መድረስ፣ ከዚያ ሺፍትና ዲሊትን አብሮ መጫን፤ አንድ ሰው ከመዝገቡ ይወጣል። በአንድ ፊደል የሚጀምረው ጸጋዬ ሄደ። የሥላሴ ቤተሰብም ሄደ።

አንዱ ላይ እጄ ዘገየ። አባቴ በሕይወት ሳለ የእርሱን ቅጾች የምሞላለት እኔ ነበርሁ፤ ስሙንም በላቲን ፊደል ራሱ በሚፈርምበት አኳኋን፣ ሁለቱን ቃል አጋጥሜ እጽፍለት ነበር። በእኔ ፓስፖርት ላይ ያለው የመዝጋቢው አጻጻፍ ነው። የአባቴን አጻጻፍ ዛሬ የሚጠይቅ አንድም ቅጽ የለም።

አላጠፋሁትም። ስልኩና የቤት ቁጥሩ ለየብቻ የተቀመጡ ነበሩና እነርሱን አነሣሁ፤ ስሙ ቀረ። አሁን «ደብሊው»ን ስነካ ሁለት ወልደ ሥላሴ ይወርዳሉ፤ አንደኛው በመዝጋቢው እጅ፣ ሁለተኛው በራሱ።